400 የፈረስ ጉልበት ከሃያቡሳ ሞተር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሱዙኪ ሃያቡሳ ሞተር ሳይክል ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ሞተር ሳይክል ላይ ቱርቦ ስለ መግጠም። ደስ ብሎኛል። ሙያውን የጀመርኩት ሱማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ውስጥ ነው። ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ የውድድር ሞተር እሠራለሁ። ከዚህ የበለጠ የምወደው ወሬ የለም። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ለቱርቦ ብቻ ሰጥቼዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ዶሃ ነው። የ2008 ሃያቡሳ አለኝ። በብርዱ ወራት ኳታር ሬሲንግ ክለብ እየሄድኩ የድራግ ውድድር (ቀጥ ባለ አጭር መስመር የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ሳይ እኔም መወዳደር አማረኝ። 400 የፈረስ ጉልበት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ «ትልቅ ቱርቦ ግዛ፣ ቡስቱን ክፈተው፣ አለቀ» ይሉኛል። የትኛውን ቱርቦ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቱርቦውን ስም እነግርሃለሁ፤ አትቸኩል። ጉልበት የሚመጣው ከነዳጅ ነው። ቱርቦው የሚያመጣልህ ያንን ነዳጅ የሚያቃጥለውን አየር ነው፤ ቡስት የምንለው ቱርቦው የሚጨምረውን የአየር ግፊት ነው። ስለዚህ ሂሳቡን ከነዳጅ እንጀምር።

400 ፈረስ የሚያወጣ ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር፣ ሙሉ ጋዝ ላይ በሰዓት 110 ኪሎ ገደማ ቤንዚን ይበላል። በደቂቃ ወደ ሁለት ሊትር ተኩል ማለት ነው። ለአራት ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጭ ዕቃ) ስታካፍለው ለእያንዳንዱ ከ600 ሲሲ በላይ ይደርሰዋል። ኢንጀክተር ደግሞ ያለ እረፍት ተከፍቶ መቆየት የለበትም። 80 በመቶ ላይ ሲሠራ ነው ጤነኛ የሚሆነው። ስለዚህ የምትገዛው በደቂቃ ቢያንስ 770 ሲሲ የሚረጭ ነው። እኔ 1000 ነው የምገጥመው። ፖምፓውም ይህንን ሁሉ የሚችል መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ቡስቱ የኢንጀክተሩን አፍ መልሶ ይገፋዋል። ቡስትህ 1.4 ባር ከሆነ የነዳጁም ግፊት በዚያው ልክ 1.4 ባር መጨመር አለበት። አለዚያ አየሩ በበዛበት ሰዓት ነዳጁ ያንሳል። ይህንን የሚያስተካክል፣ በቀጭን ቱቦ ከቡስቱ ጋር የሚገናኝ ሬጉሌተር አለ። ትንሽ ዕቃ ነው። እሱ ሳይገጠም ሙሉ ጋዝ የተሰጠው ሞተር ፒስተኑን ያቀልጣል።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። የአንተ ሞተር 1340 ሲሲ ነው። ፋብሪካው 197 ፈረስ ብሎ ያወጣዋል፤ ጎማው ላይ ስትለካው ወደ 170 ገደማ ነው። ይህ እንግዲህ ሞተሩ በራሱ ትንፋሽ በሚስበው አየር ነው። ቱርቦው በማርሚታ ሊወጣ በነበረው የጋለ ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል። ተርባይኑ በዚያው ዘንግ ላይ ያለውን ኮምፕረሰር ያዞራል። ኮምፕረሰሩ አየሩን ጠቅጥቆ ወደ ሲሊንደር ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል። ዶሃ ባሕር ጠረፍ ላይ ስለሆነች 1 ባር ቡስት ስትሰጠው የአየሩ ግፊት እጥፍ ይሆናል። በወረቀት ላይ 340 ፈረስ አገኘህ። 400 ለመድረስ 1.3 ወይም 1.4 ባር ያስፈልግሃል።

በወረቀት ላይ ያልኩት በምክንያት ነው። አየር ሲጠቀጠቅ ይግላል። 25 ዲግሪ የነበረውን አየር በ1 ባር ቡስት ብትጠቀጥቀው፣ ጥሩ በሚባል ኮምፕረሰር እንኳ ወደ 118 ዲግሪ ይወጣል። ሻይ ከሚፈላበት በላይ የጋለ አየር ነው ሞተርህ ውስጥ የምትከትተው። የጋለ አየር ደግሞ ይሳሳል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከዚያ የባሰው ግን ማንኳኳትን መጥራቱ ነው።

ማንኳኳት የምለው ይህንን ነው። ካንዴላው እሳት ሲጭር ነበልባሉ ከመሃል ወደ ዳር ይሄዳል። ዳር ላይ ያለው ድብልቅ ከመጠን በላይ ከጋለና ከተጨመቀ ነበልባሉ ሳይደርስበት በራሱ ጊዜ በአንድ አፍታ ይፈነዳል። ፍንዳታው የፒስተኑን ገጽ የሚጠብቀውን ስስ የጋዝ ሽፋን ይገፈዋል። አሉሚኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው፤ የሚነደው ጋዝ ደግሞ ከ2,000 ዲግሪ ይበልጣል። የፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) መቀመጫ ይሰበራል፤ ፒስተኑ ጫፉ ላይ ይበላል። ባለ ትልቅ ቡስት ሞተር ላይ ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። የማርሚታው ድምፅ ስለሚሸፍነው በጆሮህ አትሰማውም።

እኔ የማየው ካንዴላው ላይ ነው። ከአንድ ሙሉ ጋዝ ሩጫ በኋላ ሞተሩን እዚያው መስመሩ መጨረሻ ላይ አጥፋው። ካንዴላዎቹን ፍታና ነጩን ሸክላ በአጉሊ መነጽር፣ በጥሩ ብርሃን ተመልከት። ንጹሕ ከሆነ ደህና ነው። በርበሬ የተነሰነሰበት የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ ማንኳኳት ጀምሯል። በነጠብጣቡ መካከል የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን የብር መልክ ያላቸው ፍሬዎች ካየህ እነሱ የፒስተንህ ብናኝ ናቸው። በዚያን ቀን ሁለተኛ ሩጫ የለም። ዕቃውን ጭነህ ወደ ቤትህ ሂድ።

ማንኳኳትን የምትከላከለው በጥቂት ነገሮች ነው። አንደኛው ኢንተርኩለር፣ ማለትም የተጠቀጠቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ነው። ለድራግ አጭር ሩጫ በረዶ የተሞላ ታንክ ያለው፣ በውሃ የሚሠራው ጥሩ ነው። ሁለተኛው ድብልቁን ማወፈር ነው። ቤንዚን በንድፈ ሐሳብ 14.7 እጅ አየር ይበቃዋል፤ ሙሉ ቡስት ላይ ግን ወደ 11.5 አውርደው። ትርፉ ነዳጅ ያቀዘቅዛል። ሦስተኛው ቡስቱ በጨመረ ቁጥር ካንዴላው እሳት የሚጭርበትን ጊዜ ማዘግየት ነው፤ ይህን ኢሲዩው (የሞተሩ ኮምፒውተር) ላይ ነው የምትሠራው። አራተኛው ኮምፕረሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ ድብልቁን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቀው፣ መቀነስ ነው፤ እዚህ ላይ ጠንካራ አስተያየት አለኝ።

ያንተ ሞተር ከፋብሪካ 12.5 ለ 1 ነው። ለምትፈልገው ቡስት በዛ። ወደ 9 ለ 1 ብታወርደው እወዳለሁ። ርካሹ መንገድ ሲሊንደሩ ሥር የብረት ሳህን ማስገባት ነው። ለ81 ሚሊ ሜትር ፒስተን እና ለ65 ሚሊ ሜትር ምት ሳሰላው ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ውፍረት ይመጣል። ብዙ ሰው ይሠራዋል፤ ይነዳል። እኔ ግን አልወደውም። ሳህኑ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ከፒስተኑ ስለሚያርቀው፣ ዳር ያለውን ድብልቅ ወደ መሃል የሚጨምቀው ጠባብ ክፍተት ይጠፋል። ያ ክፍተት ደግሞ ማንኳኳትን የሚከላከል የሞተሩ የራሱ መድኃኒት ነው። በዚያ ላይ የካቴናው ርቀት ስለሚለወጥ የቫልቮላው ጊዜ ይዘገያል፤ እሱንም ማስተካከል ሊኖርብህ ነው። ገንዘብ ካለህ ተቀጥቅጦ የተሠራ ዝቅተኛ ኮምፕረሽን ፒስተን ግዛ። ከሌለህ ትንሽ ጠብቀህ ግዛ።

ፒስተኑን ስታወጣ ቢዬላውንም (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ቀይረው። ሲሊንደር ውስጥ ግፊቱ 100 ባር ሲደርስ 81 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ፒስተን ላይ ከ5 ቶን በላይ ይጫናል። በ10,000 ዙር ይህ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 83 ጊዜ ይደጋገማል። ያው 5 ቶን ቴስታታውንም ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ የፋብሪካውን ቡሎን አውጥተህ ጠንካራ ስታድ ግጠም። አለዚያ ጓርኒሲዮኑ ይነፋል። ካምቢዮውንም ሙያ ላለው ሰው ስጠው። የማርሾቹ ጥርስ ወደ ውስጥ ዘንበል ተደርጎ ሲሞረድ ጉልበት በመጣ ቁጥር እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ ማርሽ አይዘልብህም።

አሁን የቱርቦው ስም። ጋሬት ከሚሠራቸው ጂቲ 30 የሚባለው ቤተሰብ ለ400 ፈረስ ምቹ ነው። ጂቲ 28 ቶሎ ይነሳል፤ ግን ይነፍስ ይነፍስና ጫፍ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጂቲ 35 ደግሞ ገና ሲጀምር ያንቀላፋብሃል። ከመግዛትህ በፊት ፋብሪካው ያወጣውን የኮምፕረሰር ካርታ (ቱርቦው በየትኛው የአየር መጠንና ግፊት ላይ በደንብ እንደሚሠራ የሚያሳይ ሥዕል) ክፈት። በደቂቃ ወደ 20 ኪሎ አየር በምትፈልገው ግፊት ላይ የት እንደሚወድቅ ተመልከት። መሃሉ ላይ ከወደቀ ግዛው።

ገንዘብህን በዚህ ቅደም ተከተል አውጣ፦ መጀመሪያ ከጭሱ የአየርና የነዳጅ ድብልቁን የሚለካ ዋይድባንድ ሴንሰርና ዳታ የሚመዘግብ ኢሲዩ፣ ቀጥሎ ነዳጅ፣ ቀጥሎ ፒስተንና ቢዬላ። ቱርቦው ከዚያ በኋላ ይምጣ። የጀመርክ ቀን 0.5 ባር ላይ አሂደው። ሞተሩ የሚነግርህን አንብብ። ከዚያ ትንሽ ጨምር፤ እንደገና አንብብ።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነው ያለሁት። የሚወዳደሩት ሁሉ ሜታኖል ይጠቀማሉ። ቤንዚኑን ትቼ ልግባበት?

መልስ፦ ሜታኖል ለቱርቦ ሞተር የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም። አንድ ኪሎ ሜታኖል ፈሳሽ ከመሆን ወደ ትነት ሲለወጥ ቤንዚን ከሚስበው ሙቀት ሦስት እጥፍ ይስባል። በዚያ ላይ ለአንድ ዓይነት አየር ከእጥፍ በላይ ነዳጅ ታስገባለህ፤ ምክንያቱም የሚበቃው 6.4 እጅ አየር ብቻ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር በጣም ይቀዘቅዛል። በሜታኖል የሚሮጡ አንዳንድ የድራግ ሞተሮች ኢንተርኩለር ሳይገጥሙ የሚሄዱት ለዚህ ነው።

አሜሪካ ዩታ ውስጥ ባለው ቦኔቪል ጨው ሜዳ ላይ መስከረም 25፣ 2010 ሮኪ ሮቢንሰን የነዳት አክ አታክ የምትባለው ረጅም ሽፍን ሞተር ሳይክል ባለ ቱርቦ ሁለት የሃያቡሳ ሞተሮች ነበሯት። አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 605 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተመዘገበ። የሮጠችው በሜታኖል ነው። የሃያቡሳን ሞተር እንግዲህ እዚያ ድረስ ወስደውታል።

ግን ላስጠንቅቅህ። ኢንጀክተርህ፣ ፖምፓህ፣ የነዳጅ መስመርህ በሙሉ እጥፍ መሆን አለባቸው። ሜታኖል አሉሚኒየምና አንዳንድ ላስቲክ ይበላል፤ ከእያንዳንዱ የውድድር ቀን በኋላ መስመሩን ማጠብ ግዴታ ነው። ዘይቱ ውስጥም ስለሚገባ ዘይት ቶሎ ቶሎ ትቀይራለህ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲቃጠል በቀን ብርሃን ነበልባሉ አይታይም ማለት ይቻላል። ሰው እየነደደ አጠገቡ ያለው ላያውቅ ይችላል። በቆዳም ይገባል፤ መርዝ ነው። ጓንት ሳታደርግ አትንካው፤ ልጆች የሚደርሱበት ጋራዥ ውስጥም አታስቀምጠው።

ለመጀመሪያው ዓመት ኢ85 ይሻልሃል። ኤታኖል የበዛበት ነዳጅ ነው። ጥሩ ያቀዘቅዛል። የሚጠይቅህ የነዳጅ ጭማሪ ሲሶ ገደማ ብቻ ነው፤ በቴክሳስም ከተራ ማደያ ይገኛል። ሁሉም ማደያ ግን እኩል ኤታኖል አያስገባም፤ በርካሽ መለኪያ እየለካህ ቅዳ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ቲቪኤስ አፓቼ 200 አለችኝ። አባቴ እዚህ ከፍታ ላይ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል ይለኛል። እውነት ነው? ቱርቦ ብገጥምላትስ?

መልስ፦ አባትህ ልክ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እናትህ ጀበና ስትጥድ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። ያንተ አፓቼ በፋብሪካ ወረቀት 20 ፈረስ ገደማ ናት። መገናኛ ላይ ስትነዳት ግን የሚደርስህ ወደ 16 ይጠጋል።

ቱርቦን ዓለም በደንብ ያወቀው ለከፍታ ነው ማለት ይቻላል። አልፍሬድ ቡቺ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ በ1905 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የሚባል የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ አወጣው። 4,300 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን ትንሽ ዝቅ ይላል። ሜዳ ላይ 350 ፈረስ የነበረው ሞተር ጫፉ ላይ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 አወጣ። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የእንጦጦ አቀበት ነው።

አሁን ላንተ የሚጠቅምህን ልንገርህ። አዲስ አበባ ላይ ሩብ ባር ቡስት ብቻ ብትሰጣት፣ ሞተርህ ባሕር ዳርቻ ላይ ፋብሪካው ያሰበላትን አየር ታገኛለች። ኮምፕረሽን መቀነስ አያስፈልግህም፤ ቢዬላም አትቀይርም። በሀገራችን ከፍታ ላይ ቱርቦ ከሌላው ቦታ የበለጠ ትርጉም አለው የምለው ለዚህ ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። ሞተርህ አንድ ሲሊንደር ናት። ጭሱ የሚወጣው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው፤ ተርባይኑ በየመሃሉ ይደክማል። አየር የምትስበውም እንዲሁ እየቆራረጠች ነው። ስለዚህ በኮምፕረሰሩና በሞተሩ መካከል አየር የሚጠራቀምበት ጣሳ መሥራት አለብህ። ለ200 ሲሲ የሚሆን ትንሽ ቱርቦ ማግኘትም ቀላል አይደለም። የጃፓኖቹ 660 ሲሲ ትናንሽ መኪኖች ላይ ያለው እንኳ ለአንተ ይበዛል። ለመማር ከሆነ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ አበረታታሃለሁ። ለፍጥነት ብቻ ከሆነ ግን ከሚወጣው ገንዘብ ጋር አይመጣጠንም። ያንተዋ በካርቡራቶር የምትሠራው ከሆነች መጀመሪያ ዋናውን ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር አሳንሰው። ባሕር ዳርቻ ታስቦ የተሠራ ካርቡራቶር አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላህ ጠቁሮ ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው።

ተሽቀዳዳሚ ለሆናችሁም አንድ ማስታወሻ ልጨምር። የቡስት መለኪያ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ዶሃ ላይ 1 ባር ሲያሳይ ኮምፕረሰሩ አየሩን እጥፍ አድርጎታል። አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ጠቅላላ ግፊት ለማግኘት ሁለት ከስድስት አሥረኛ እጥፍ መጠቅጠቅ አለበት። ቱርቦው የበለጠ ይፈጥናል፤ አየሩም ከ150 ዲግሪ በላይ ይግላል። ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ቱርቦ ሲመርጥ ከለመደው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይመልከት።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ነኝ። ቱርቦ ካስገጠምኩ ወዲህ ሞተሬ ቆሞ ሲሠራ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ስነዳው ይጠፋል። ፋሻው አልቆ ይሆን?

መልስ፦ ፋሻ አይመስለኝም። ሞተር ሳይክል ላይ ቱርቦው የሚሰቀለው ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ነው። ዘይት በግፊት ይገባለታል፤ መውጫው ግን በራሱ ክብደት እየፈሰሰ ነው። የመመለሻው ቱቦ ቀጭን ከሆነ፣ ወይም አንድ ቦታ ወደ ላይ ከታጠፈ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በማሸጊያው አልፎ ወደ ጭሱ ይገባል። ቱርቦው ካርተር ውስጥ ካለው ዘይት በታች ከሆነ ደግሞ ዘይቱን የሚስብ ፖምፓ የግድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የመመለሻውን ቱቦ ተመልከት። ቀጥለህ የሞተሩን መተንፈሻ እየው። ያ ከተደፈነ ካርተር ውስጥ ያለው ግፊት ዘይቱን አያስገባውም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ብቻ ቱርቦውን አስፈታ።

ጥያቄ፦ እኔ እንኳ ስለ ሞተር የማውቀው የለም። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምኖር እናት ነኝ። የ23 ዓመት ልጄ ገንዘቡን ሁሉ ሞተር ሳይክል ላይ ቱርቦ ለማስገጠም እያጠራቀመ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልከልክለው? እርስዎስ ልጅዎ ቢሆን ምን ይሉታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ከሁሉም አስበልጬ ነው ያየሁት። እውነቱን ሳልሸፍን እነግርዎታለሁ።

አደጋው እውነተኛ ነው። ቢል ዋርነር የሚባል ሰው ነበር። በ2011 ሜይን ግዛት ሎሪንግ በሚባለው የቀድሞ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ ባለ ቱርቦ ሃያቡሳ ላይ ተቀምጦ በሰዓት 502 ኪሎ ሜትር ሮጠ። በዚህ ሙያ ውስጥ ላለን ሰዎች ትልቅ ሰው ነው። በ2013 ሐምሌ ወር እዚያው መስመር ላይ፣ ከ450 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ላይ ሳለ ወደቀና ሕይወቱ አለፈ። 44 ዓመቱ ነበር። ይህንን የምነግርዎት ላስፈራዎ አይደለም። ልጅዎ የሚገባበት ሥራ ምን ያህል ክብር እንደሚጠይቅ እንዲያውቁት ነው።

ግን የመንገድና የውድድር ሜዳ ልዩነት ትልቅ ነው። ባለ ቱርቦ ሞተር ጉልበቱ እኩል አይመጣም። ጋዝ ሲሰጡት ለአፍታ ዝም ይልና ድንገት በአንድ ጊዜ ይለቃል። ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ይህን መልመድ ይቻላል። ኩርባ ላይ፣ እርጥብ መንገድ ላይ፣ መኪና መሃል ግን የኋላ ጎማው ይሄድበታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ አራቱም ባለ ቱርቦ ሞተር ሳይክል ለመንገድ አውጥተው ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁሉም ተዉት። ከብደው ነበር፣ ዋጋቸውም ውድ ነበር፤ ይህ የሚዘገየው ጉልበታቸውም ለነጂ አይመችም ነበር።

ስለዚህ በእኔ እምነት ሙሉ በሙሉ ቢከለክሉት ተደብቆ ይሠራዋል፤ መንገድ ላይ ይነዳዋል። ከዚህ የከፋ የለም። ይልቅ ቅድመ ሁኔታ ይስጡት። አሁን ባለው ሞተር፣ ቱርቦ ሳይገጥም አንድ ሙሉ የውድድር ወቅት ሜዳ ላይ ይሩጥ። ባድስ ክሪክ ያለው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። ተራ ሰው ከፍሎ የራሱን ሞተር የሚሞክርባቸው ቀኖች አሉ። መስመሩ 402 ሜትር ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፤ አምቡላንስ እዚያው ቆሟል። ሙሉ የቆዳ ልብስ፣ የጀርባ መከላከያ፣ ጥሩ ሄልሜት፣ ቦት ጫማና ጓንት ከቱርቦው በፊት ይገዛ። እጁ ላይ የሚታሰር፣ ከወደቀ ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋ ገመድም አለ፤ እሱ ርካሽ ነው።

አንድ ቀን እርስዎም አብረውት ይሂዱ። የሚሽቀዳደሙትን ሰዎች ያነጋግሩ። ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን ይዘው የሚመጡ፣ ጥንቃቄያቸው የሚያስደንቅ ሰዎች ናቸው። ልጅዎ ከእነሱ መካከል ዋይድባንድ የሚያነብ፣ ካንዴላ የሚመለከት አንድ ታላቅ ካገኘ ከእኔ ምክር የበለጠ ይጠቅመዋል። እኔም ልጄ ቢሆን የምለው ይህንኑ ነው። እየተወዳደረ የሚማር ከሆነ አግዘዋለሁ። ባለ 400 ፈረስ ሞተር ይዞ መንገድ ላይ ሊወጣ ካለ ግን ቁልፉን እወስዳለሁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ። ቱርቦ ሃያቡሳዬ ቡስት ሲመጣ ዙሩ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ጎማው ይመስለኝ ነበር፤ ቀየርኩት፤ ያው ነው። ምን ይሁን?

መልስ፦ ፍሪሲዮንህ እየተንሸራተተ ነው። የፋብሪካው ሞላ ለ197 ፈረስ ነው የተሠራው። ጠንካራ ሞላ ብቻ ብትጨምርበት እጅህ ይዝላል፤ ለ400 ፈረስም አይበቃም። የሚያስፈልግህ ሎክ አፕ የሚባለው ነው። በፍሪሲዮኑ ሽፋን ውስጥ የሚገጠሙ ትናንሽ ክንዶች አሉት። ዙሩ ሲጨምር ክንዶቹ ወደ ውጭ ይወረወሩና ሳህኖቹን ይጫናሉ። ስትነሳ ለስላሳ ነው፤ በ9,000 ዙር ላይ ግን ጥርቅም ብሎ ይይዛል። የክንዶቹን ክብደት በትናንሽ ቡሎን እየጨመርክ ወይም እየቀነስክ ታስተካክለዋለህ። ከቀላል ክብደት ጀምር። የተቃጠሉትን ሳህኖች በሙሉ ለውጥ፤ የብረቶቹንም ሰማያዊ የሆኑትን አውጣ። ዘይቱንም ለእርጥብ ፍሪሲዮን በተሠራ የሞተር ሳይክል ዘይት ቀይረው፤ የመኪናው ዘይት ያንሸራትተዋል።